ብዙ አገር፣ ብዙ ከተማ፦ መኪና እንከራይ ወይስ ባቡር እንያዝ?

የዕረፍት ወቅት በተቃረበ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል። «አውሮፓ ሦስት አገር ልንዞር ነው። መኪና ይሻለናል ባቡር?» ጠያቂው ይለያያል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው። በድምፅ መልእክት ስመልስ ስመልስ ስለሰለቸኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከዛሬ ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ የምልከው ይህን ነው።

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው ኢንተርኔት ላይ ያየውን የመኪና የቀን ኪራይ ከባቡር ቲኬት ዋጋ ጋር ነው። ይህ ማወዳደር አይባልም። የቀን ኪራይ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ መኪናው ስንት ቀን ይሠራል? ስንት ቀንስ ቆሞ ይውላል? ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ወረቀትና እስክሪብቶ። ኤክሴል የሚቀናችሁ በኤክሴል ሥሩት።
- የምታድሩባቸው ከተሞች ዝርዝር፣ ከሌሊቶቹ ብዛት ጋር።
- የየሆቴሉ አድራሻ። ሆቴል ገና ካልያዛችሁ ቢያንስ ሰፈሩ።
- የተጓዦች ብዛትና ዕድሜ፣ የሻንጣዎች ብዛት።
- ፓስፖርትና ቪዛ። ቪዛው ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ነው።
- የሚነዳው ሰው መንጃ ፈቃድ፣ በራሱ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድም።
- ካርታ ያለበት ስልክ።

አንድ ምሽት ይበቃችኋል።

1. ቀኖቹን ቁጠሩ

ወረቀቱ ላይ እያንዳንዱን ቀን በአንድ መስመር ጻፉ። ከጎኑ «መኪናው ዛሬ ምን ይሠራል?» ብላችሁ መልሱ። ከተማ ውስጥ በእግር የምትዞሩበት ቀን ከሆነ «ቆሟል» በሉ። ወደ ሌላ ከተማ የምትሄዱበት ወይም ገጠር የምትወጡበት ከሆነ «ይሄዳል» በሉ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ፕራግ 3 ሌሊት፣ ቪየና 3 ሌሊት፣ ቡዳፔስት 3 ሌሊት። በጣም የተለመደ ጉዞ ነው። ባጠቃላይ 10 ቀን ይሆናል። መኪናው የሚነቃነቀው ስንቱን ቀን ነው? ሁለቱን። ስምንቱን ቀን ለቆመ ብረት ኪራይ ትከፍላላችሁ። ዘጠኙን ሌሊት ደግሞ ለቆመበት ቦታ ትከፍላላችሁ። ሦስቱም ከተሞች ሜትሮና ትራም ስላላቸው መኪናው ከተማ ውስጥ አንድም ሥራ የለውም።

አሁን ሌላ ጉዞ አስቡ። ፍሎረንስ 2 ሌሊት፣ ከዚያ በቶስካና ኮረብቶች ላይ ባሉት ትንንሽ ከተሞች 4 ቀን። ወይም በፈረንሳይ አልዛስ የወይን መንደሮችን እየዞሩ ወደ ጀርመን ጥቁር ደን መሻገር። ወይም ስሎቬኒያ ውስጥ የብሌድና የቦሂን ሐይቆች። እዚህ መኪናው በየቀኑ ይሠራል። አውቶቡስ ቢኖርም በቀን የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ነው፤ እሱን ስትጠብቁ ቀኑ ያልቃል።

«ቆሟል» ያላችሁት ቀን ከግማሽ ከበለጠ ባቡር እየመራ ነው። ግን ገና አትወስኑ።

2. ሰዓቱን ከበር እስከ በር አስሉ

የባቡሩን ሰዓት ከካርታው የመኪና ሰዓት ጋር አታነጻጽሩ። ካርታው የሚነግራችሁ መሪ ላይ የምትቆዩበትን ብቻ ነው። እንዲህ ደምሩ፦

ለባቡር፦ ከሆቴል እስከ ጣቢያ፣ ሲደመር ቀደም ብሎ መድረሻ 20 ደቂቃ፣ ሲደመር ጉዞው፣ ሲደመር ከጣቢያ እስከ ሆቴል።

ለመኪና፦ መኪናውን ከማቆሚያው ማውጣት፣ ሲደመር ካርታው የሚለው ሰዓት፣ ሲደመር በየሁለት ሰዓቱ አንድ ዕረፍት፣ ሲደመር ከተማ መግቢያ ላይ ያለው መጨናነቅ፣ ሲደመር ማቆሚያ ፍለጋ፣ ሲደመር ሻንጣ እየጎተቱ ወደ ሆቴል። እኔ ካርታው ላይ ባለው ሰዓት ላይ ሩቡን እጨምራለሁ። ብዙ ጊዜ አልተሳሳትኩም።

ከፓሪስ ብራስልስ በፈጣን ባቡር 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ ነው። በመኪና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ክፍት ቢሆን እንኳ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ውድድርም የለው። ከቪየና ቡዳፔስት ግን ባቡሩ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ሲሆን መኪናውም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱን የምታዩት ማቆሚያ ስትፈልጉ ነው።

ባቡር የሚሸነፍበትም አለ። መንገዱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ባቡር መቀየር ካለባችሁ መኪና ይቀድማል። ከሻንጣና ከሕፃን ጋር ሦስት ጊዜ ደረጃ መውጣትና መውረድ ደግሞ ሰዓት ላይ የማይታይ ድካም ነው። ስለዚህ ከሰዓቱ አጠገብ የቅያሪውንም ብዛት ጻፉ።

ለንደን ጉዞው ውስጥ ካለች አንድ ልዩ ነገር አለ። ከለንደን ወደ ፓሪስ፣ ብራስልስ ወይም አምስተርዳም የሚሄደው ዩሮስታር የፓስፖርት ቁጥጥሩና የሻንጣ ፍተሻው የሚደረገው ከመሳፈራችሁ በፊት ነው። ለዚህ 20 ደቂቃ አይበቃም። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት።

3. የመኪናውን ሙሉ ወጪ ጻፉ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድ።

*የመመለሻ ቦታ ክፍያ።* መኪናውን ከአንድ አገር ወስዳችሁ ሌላ አገር ላይ ስታስረክቡ ተጨማሪ ይጠየቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መኪናው የቼክ ታርጋ ይዞ ሃንጋሪ ላይ ቢቀር አንድ ሰው ነድቶ መመለስ አለበት። ያንን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ይህ ክፍያ ከጠቅላላው ኪራይ ሊበልጥ ይችላል። ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። በአንድ ዓይነት ቀን ሁለት ፍለጋ አድርጉ። አንዱን ወስዶ እዚያው ለመመለስ፣ ሌላውን ሌላ አገር ለማስረከብ። የሁለቱ ልዩነት ክፍያው ነው። ልዩነት ካላያችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ዝርዝሩ ውስጥ «በቦታው የሚከፈል» የሚል መስመር ፈልጉ።

*መያዣ።* ድርጅቱ ክሬዲት ካርዳችሁ ላይ ገንዘብ ያግዳል። አይወስደውም፣ ግን መኪናውን እስክትመልሱ ልትጠቀሙበት አትችሉም። ካርዱ በአሽከርካሪው ስም መሆን አለበት። ዴቢት ካርድ የማይቀበሉ ወይም ተቀብለው በቀን ውድ ኢንሹራንስ እንድትገዙ የሚያስገድዱ ብዙ ናቸው።

*ኢንሹራንስ።* ኪራዩ ውስጥ ያለው ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ እናንተ የምትሸፍኑት ድርሻ አለው። መኪናው ቢጫር ወይም ቢጋጭ እስከዚያ መጠን ድረስ ከእናንተ ኪስ ነው። ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ ብዙ ጊዜ አይካተቱም። ከሌላ ኩባንያ ርካሽ መድን ገዝቶ መሄድ ይቻላል። ነገር ግን እሱ ገንዘባችሁን የሚመልሰው መጀመሪያ እናንተ ከከፈላችሁ በኋላ ነው፤ መያዣውንም አያስቀርም።

*የመንገድ ክፍያ።* ፈረንሳይና ጣሊያን አውራ ጎዳና ላይ በሄዳችሁበት ርቀት ትከፍላላችሁ። ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ቼክ፣ ስሎቫኪያ፣ ሃንጋሪና ስሎቬኒያ ደግሞ ቪኜት ይላሉ። ለተወሰነ ጊዜ የሚገዛ የመንገድ ፈቃድ ማለት ነው። ኦስትሪያ ለአንድ ቀን ብቻ የሚሆን ትሸጣለች። ስዊዘርላንድ ግን ያላት የዓመት ብቻ ነው፣ 40 ፍራንክ። ለአንድ ሰዓት ብታቋርጧትም ያው 40 ነው። መኪናውን እዚያው ስዊዘርላንድ ከተከራያችሁት አብሮት ይኖራል። ጀርመን ለትንሽ መኪና አታስከፍልም። በፕራግ፣ ቪየናና ቡዳፔስት ምሳሌያችን ሦስት አገር፣ ሦስት ቪኜት ነው።

*ነዳጅ።* ይህ ቀላሉ ነው። ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩን በ6 አባዙና ለ100 አካፍሉ። ትንሽ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ገደማ ይፈጃልና። ከፕራግ ቡዳፔስት በቪየና በኩል 575 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። 34 ሊትር ተኩል ይመጣል። የሚገርመው ሰው ሁሉ ስለ ነዳጅ ሲጨነቅ ከወጪዎቹ ውስጥ ትንሹ ብዙ ጊዜ ነዳጁ መሆኑ ነው።

*ማቆሚያ።* ለየሆቴሉ ጻፉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «የራሳችሁ ማቆሚያ አላችሁ? በሌሊት ስንት ነው?» የሚመልሱላችሁን በሌሊቶቹ ብዛት አባዙ። አምስተርዳም መሐል ላይ ይህን ስታደርጉ መልሱ ብቻውን ሊያስወስናችሁ ይችላል።

*ትርፍራፊ።* ሁለተኛ አሽከርካሪ፣ ከ25 ዓመት በታች የሆነ አሽከርካሪ፣ የልጅ መቀመጫ፣ አውቶማቲክ መኪና። አውሮፓ ውስጥ ዝም ካላችሁ የሚሰጣችሁ ባለ ካምቢዮ መኪና ነው። አውቶማቲክ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ስትይዙ ግለጹ፤ ይወደዳልም። ከአውሮፕላን ማረፊያ መውሰድም ከከተማ ቢሮ ሊወደድ ይችላል።

4. የባቡሩን ሙሉ ወጪ ጻፉ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለእያንዳንዱ ጉዞ ለብቻው ቲኬት መግዛት ነው። የረጅም ርቀት ባቡር ዋጋ እንደ አውሮፕላን ነው፤ ቀድሞ የያዘ በርካሽ ይሄዳል፣ ጣቢያ ላይ ደርሶ የገዛ ብዙ ይከፍላል። ስለዚህ ዋጋ ስታዩ የምትሄዱበትን ትክክለኛ ቀን አስገቡ። የነገን ዋጋ አይታችሁ «ባቡር ውድ ነው» አትበሉ።

ሁለተኛው ፓስ ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት በተወሰኑ ቀኖች በብዙ ባቡር የሚያስኬድ ቲኬት ማለት ነው። ነዋሪነታችሁ ከአውሮፓ ውጪ ከሆነ ዩሬይል፣ አውሮፓ የምትኖሩ ከሆነ ኢንተርሬይል ይባላል። 33 አገሮችን ይሸፍናል። ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ 4 የጉዞ ቀን የሚሰጥ ዓይነት አለው። ፓሱን በጉዞ ቀኖቹ ብዛት አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ቀድማችሁ ከምትገዙት ነጠላ ቲኬት ከበለጠ ፓስ አያስፈልጋችሁም። ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚጓዝ ሰው ፓስ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ስድስት ሰባት ጊዜ ለሚጓዝና ቀኑን መቀያየር ለሚወድ ግን ጥሩ ነው።

ልብ በሉ፦ ፓስ ስለያዛችሁ ሁሉም ባቡር ላይ ዘላችሁ አትወጡም። በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስፔን ፈጣን ባቡሮች ላይ መቀመጫ ማስያዝ ግዴታ ነው፣ ይከፈልበታልም። ዩሮስታር ላይ ለፓስ የሚመደበው መቀመጫ ውስን ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል። ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ላይ አብዛኛው ባቡር ያለ ማስያዣ ይሳፈሩበታል።

የሌሊት ባቡርንም እዚህ ቁጠሩት። ናይትጄት የሚባለው የኦስትሪያ ባቡር ለምሳሌ ከቪየና ሮም፣ ከዙሪክ አምስተርዳም ይሄዳል። አልጋ ከያዛችሁ የአንድ ሌሊት ሆቴል ይቀንስላችኋል። ወንበር ላይ እተኛለሁ ብላችሁ ግን ራሳችሁን አታታሉ። በነጋታው ከተማውን ሳይሆን ትራስ ነው የምትፈልጉት።

5. ቪዛውንና ወረቀቱን ተመልከቱ

ዋጋ ከማወዳደር በፊት ቢሆን ይሻል ነበር የሚል ካለ እውነቱን ነው። ግን ሰው በገንዘቡ ካልጀመረ አይሰማም።

ለንደንና ደብሊን ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚዘዋወሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል ውስጥ፣ የሉም። ከፓሪስ ለንደን ሄዳችሁ አምስተርዳም የምትመለሱ ከሆነ ሸንገን ሁለት ጊዜ ነው የምትገቡት። የሸንገን ቪዛችሁ ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደምትችሉ ተጽፏል። «01» ካለ መመለስ አትችሉም። ለእንግሊዝ ደግሞ የራሷ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ናት፣ ለእሷ የተለየ ቪዛ አትፈልጉም።

ሸንገን ውስጥ ድንበር የለም ሲባል ፓስፖርት ሻንጣ ግርጌ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ጀርመንን ጨምሮ አንዳንድ አገሮች በየብስ ድንበራቸው ጊዜያዊ ቁጥጥር ያደርጋሉ። ባቡር ውስጥም ፖሊስ ገብቶ ይጠይቃል። እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ለሚነዳው ሰው፦ መንጃ ፈቃዱ ከአውሮፓ ውጪ የወጣ ከሆነ፣ በተለይ በላቲን ፊደል ካልተጻፈ፣ ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ይዞ ይሂድ። ይህ ወረቀት የሚሰጠው ዋናው መንጃ ፈቃድ በወጣበት አገር ነው። ከደረሳችሁ በኋላ አይገኝም። ብቻውንም አይሠራም፤ ከዋናው ጋር አብሮ ነው የሚታየው።

የኪራይ ድርጅቱንም በጽሑፍ ጠይቁ፦ «መኪናውን ይዤ የትኞቹ አገሮች መግባት እችላለሁ?» አንዳንዱ አገር ወይም አንዳንዱ የመኪና ዓይነት ይከለከላል። ሳታሳውቁ ብትሻገሩና አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ እንዳልነበረ ሊቆጠር ይችላል።

6. ከተሞቹ መኪና ያስገቡ እንደሆነ አጣሩ

እኔ ራሴ የተቀጣሁበት ስለሆነ ልንገራችሁ። ጣሊያን ውስጥ አንድ አሮጌ ከተማ ነበር። ካርታው «ወደ ቀኝ ታጠፍ» አለኝ፣ ታጠፍኩ። መታጠፊያው ላይ ነጭ ምልክት ቆሟል፣ መሐሉ ላይ ቀይ ክብ አለበት። ዞር ብዬ አላየሁትም፤ ዓይኔ የሆቴሉን በር ነው የሚፈልገው። ማቆሚያ ስላጣሁ ዞሬ በዚያው መታጠፊያ እንደገና ገባሁ። ምሽቱ አለፈ፣ ጉዞው አለቀ፣ ረሳሁት። ከወራት በኋላ የኪራይ ድርጅቱ ከካርዴ ገንዘብ ቆረጠ። ለቅጣቱ መስሎኝ ነበር። ለካ ስሜንና አድራሻዬን ለከተማው አሳልፎ ለሰጠበት አገልግሎት ነው! ቅጣቱ ራሱ በኋላ በፖስታ መጣ። አንድ አይደለም፣ ሁለት። ሁለት ጊዜ ገብቻለሁና።

ይህ ክልል ጣሊያን ውስጥ ዜታቲኤሌ (ZTL) ይባላል። ከነዋሪና ከተፈቀደለት በቀር መኪና አይገባበትም። የሚቆጣጠረው ካሜራ ስለሆነ «ቱሪስት ነኝ» የምትሉት ሰው የለም። ፍሎረንስ፣ ሮምና ሌሎች ብዙ ከተሞች አላቸው። ሆቴላችሁ ክልሉ ውስጥ ከሆነ ከመድረሳችሁ በፊት ታርጋችሁን ላኩላቸው፤ ብዙ ቦታ ሆቴሉ ሊያስመዘግብላችሁ ይችላል። ካልቻለ ከክልሉ ውጪ አቁሙና በእግር ግቡ።

ሌሎቹ አገሮችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ብዙ የጀርመን ከተሞች መኪናው መስታወት ላይ አረንጓዴ የጭስ ተለጣፊ ይጠይቃሉ። ብራስልስ፣ አንትወርፐንና ጌንት የጭስ ክልል አላቸው፣ ጭሱ የበዛ መኪና የማይገባበት ማለት ነው፤ የውጭ ታርጋ ያለው መኪና ከመግባቱ በፊት መመዝገብ ሊኖርበት ይችላል። ቬኒስ ደግሞ መኪና ጭራሽ አይገባም። ድልድዩን ተሻግራችሁ መግቢያው ላይ ታቆማላችሁ፣ ከዚያ በእግር ወይም በጀልባ።

ለየከተማው ሁለት መስመር ጻፉ፦ «ምን ያስፈልጋል? የት አቆማለሁ?» መልስ ያላገኛችሁለት ከተማ ካለ መኪና ይዛችሁ አትግቡበት።

7. ወስኑ

አሁን ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ። እኔ የምወስነው እንዲህ ነው።

ትላልቅ ከተሞች ብቻ ከሆኑና አንድ ወይም ሁለት ሰው ከሆናችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ባቡር ያዙ።

አራት ሰው ከሆናችሁ ሒሳቡ ይቀራረባል። የባቡር ቲኬት በአራት ይባዛል፣ የመኪናው ወጪ ለአራት ይካፈላል። ልጆች ግን ብዙ ቦታ ላይ በነፃ ወይም በቅናሽ ስለሚሄዱ ዕድሜያቸውን አስገብታችሁ ፈልጉ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ የሚነዳው ሰው እንደ ሌሎቹ ዕረፍት ላይ አይደለም።

ከተማና ገጠር የተቀላቀለ ከሆነ ሁለቱንም ተጠቀሙ። ብዙ ሰው «ወይ ይህ ወይ ያ» ብሎ ስለሚያስብ ይህን አያየውም። ከዙሪክ ሚላን በባቡር፣ ከሚላን ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ። ፍሎረንስን በእግር ጨርሱ። በምትወጡበት ቀን ጠዋት መኪና ተከራዩ፣ ቶስካናን ዙሩ፣ መኪናውን እዚያው ፍሎረንስ መልሱ፣ ወደ ሮም በባቡር ቀጥሉ። የመመለሻ ቦታ ክፍያ የለም፣ የቆመ ቀን የለም፣ ድንበር ማሻገር የለም። መኪናውን ከመሐል ከተማ ሳይሆን ከዳር ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያ ቢሮ ውሰዱ፤ ያ የካሜራ ጣጣ አያገኛችሁም።

8. ባቡር ከሆነ

ረጅሙንና ውዱን ጉዞ መጀመሪያ ያዙ፤ ቶሎ የሚወደደው እሱ ነው። ቅያሪ ካለበት ሁለቱን ባቡር በአንድ ቲኬት ግዙ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአንድ ቲኬት ላይ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ወደ ቀጣዩ ማሳፈር የእነሱ ኃላፊነት ነው። መድረሻችሁ ላይ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ከዘገያችሁ የቲኬቱን 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካለ ላይከፈል ይችላል። ለየብቻ ገዝታችሁ ከሆነ ግን ሁለተኛውን እንደገና ልትገዙ ትችላላችሁ።

መድረኩ ላይ ስትቆሙ የባቡሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የፉርጎውንም ቁጥር እዩ። አንዳንድ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ወደ አንድ ከተማ፣ ግማሹ ወደ ሌላ። በሩ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ የሚታየው የከተማ ስም የእናንተ ካልሆነ ባቡሩ ትክክል ቢሆንም ፉርጎው ስህተት ነው። ጣሊያን ውስጥ ለክልል ባቡር የወረቀት ቲኬት ከገዛችሁ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን አስመቱት። ያልተመታ ቲኬት እንዳልተገዛ ነው የሚቆጠረው።

9. መኪና ከሆነ

ቁልፉን ከመውሰዳችሁ በፊት መኪናውን ዙሩ። አራቱንም ጎን፣ ጎማዎቹን፣ ጣሪያውን፣ መስታወቱን፣ የነዳጅና የኪሎ ሜትር ቁጥሩን በቪዲዮ ቅረጹ። ወረቀቱ ላይ ያልተመዘገበ ጭረት ካገኛችሁ አስመዝግባችሁ አስፈርሙ። «ትንሽ ነው፣ ችግር የለም» የሚል ሠራተኛ መኪናውን ስትመልሱ እዚያ ላይኖር ይችላል።

አንጸባራቂ ሰደርያና ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክቱ መኖራቸውን እዩ። በክረምት ከሆነ የክረምት ጎማ መሆኑን ጠይቁ፤ ኦስትሪያ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በአውሮፓ አቆጣጠር መንገዱ በረዶ ከሆነ ግዴታ ነው። ቪኜት ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ ታርጋውን ከመኪናው ላይ እያያችሁ ጻፉ። ዜሮና ኦ ፊደል ተምታተው ቅጣት የመጣባቸው አሉ። ነዳጅ ከመቅዳታችሁ በፊትም የታንኩን ክዳን አንብቡ፤ ናፍጣ ነው ቤንዚን?

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የጣቢያ ስም። ፓሪስ ብዙ ትላልቅ ጣቢያዎች አሏት። ከብራስልስ የመጣ ባቡር ጋር ዱ ኖር ይደርሳል፣ ወደ ደቡብ የሚሄደው ከጋር ደ ሊዮን ይነሳል። በመሐላቸው የከተማ ባቡር መያዝ አለ። ለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያዙ። ቬኒስ መስትሬ ከቬኒስ ሳንታ ሉቺያ የተለየች ናት፤ የመጀመሪያዋ የብስ ላይ ናት። ፍራንክፈርትም ሁለት አለች፣ አንዷ ማይን ወንዝ ላይ፣ ሌላዋ ኦደር ወንዝ ላይ፣ ፖላንድ ድንበር አጠገብ።

እኩለ ሌሊት። 00:10 ላይ የሚነሳ ባቡር ቀኑ የተቀየረ ነው። አርብ ማታ እሳፈራለሁ ያለ ሰው የቅዳሜን ቀን ነው መግዛት ያለበት።

ባዝልና ጄኔቭ። ሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያዎች የስዊዝና የፈረንሳይ ክፍል አላቸው። መኪናውን ከፈረንሳይ በኩል ወስዳችሁ ስዊዝ በኩል ብትመልሱ ሌላ አገር ላይ እንዳስረከባችሁ ሊቆጠር ይችላል። ስትይዙ የትኛው በኩል እንደሆነ አንብቡ።

እሑድ። የከተማ ውስጥ የኪራይ ቢሮዎች ብዙዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ይዘጋሉ። ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ጥላችሁ ብትሄዱም ቢሮው እስኪከፈት መኪናው በእናንተ ኃላፊነት ላይ ሊሆን ይችላል። ከተቻለ ሠራተኛ ባለበት ሰዓት መልሱና የርክክብ ወረቀት ተቀበሉ። ካልተቻለ ስትወስዱት እንዳደረጋችሁት ዙሩና ቅረጹት፤ የቆመበት ቦታና ሰዓቱ ይታይ። ያንን ቪዲዮ፣ የነዳጅ ደረሰኙንና ውሉን ስልካችሁ ሞላ ብላችሁ አታጥፉ። የኔ ፖስታ ስንት ወር እንደፈጀ አይታችኋል።